ጋዝ ማሞቂያ የምትገጥም ከሆነ፦ እሳቱ ስለበራ ሥራው አላለቀም

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ሌሊት ቀልድ አያውቅም። ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶት ያድራል። ሰው ደግሞ በርኖሱን ደርቦ፣ የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወትፎ ነው የሚተኛው። እንዲህ በታፈነ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ጋዝ ማሞቂያ ግጠምልኝ የምትባለው።

ስለዚህ ማሞቂያውን ከካርቶኑ ለማውጣት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ክፍሉን እይ። መኝታ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከሆነና ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ከሌለው አትግጠም፣ በቃ። ባለቤቱ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ይልሃል። ሌሊት ሲታፈን ግን ኃላፊነት ወሳጁም አብሮ ነው የሚታፈነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ ሲነድ የክፍሉን ኦክስጅን ይበላል፣ አየር ሲያጥረው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየውም ብርድ መታኝ ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ከሰል ስንት ቤት እንዳጠፋ የምናውቅ ሰዎች ጋዝ ሲሆን ለምን እንደምንዘናጋ አይገባኝም።

አየር ማስገቢያ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። የታችኛው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ቀዳዳዎቹን አልጋ ወይም መቀመጫ ላይ በቀጥታ በሚነፍሱበት ቦታ አታድርጋቸው፣ በመጀመሪያው ብርድ በጨርቅ ይደፈናሉ። እንዳይደፈኑም ለቤቱ ሰው በግልጽ ንገር።

ሌላው እዚህ አገር የሚረሳው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የመንዟ መሐል ሜዳ ከ3,000 ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለቆላ ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ እዚህ ሲመጣ ጋዙ ይበዛበትና አየሩ ያንሰዋል። መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ሳታይ አትግጠም። ኖዝሉ፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው አፍ፣ መቀየር ካለበት አምራቹ ያዘዘውን ቀይር፤ በመርፌ ማስፋት የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ማሞቂያ ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፤ ደጋ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጠፋና ባለቤቱ ይነጫነጫል። ያን መቆጣጠሪያ ዘግተህ አልፈህ «ተስተካከለ» ብለህ ገንዘብህን ከተቀበልክ፣ ሠርተህ ሳይሆን አጥምደህ ነው የሄድከው። ዕቃው ለከፍታው አይሆንም በል፣ ይመለስ።

ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሬጉሌተሩ፣ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው፣ ማሞቂያው ላይ ከተጻፈው ግፊት ጋር ይግጠም። ጎማው የጋዝ ጎማ ይሁን፣ የውኃ አይደለም፣ የተጻፈበት ዓመትም ያላለፈ፤ በፋሸታ፣ ማለትም በጎማ ማጥበቂያ ቀለበት፣ ይጠበቅ እንጂ በሽቦ አይታሰር። ከዚያ ኦሞ በውኃ በጥብጠህ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባ፣ አረፋ ከነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ባለሙያ ካየህ ከቤቱ ውጣ።

ጭስ ማውጫ ካለው ደግሞ ዋናው ጣጣ ኮርኒሱ ላይ ነው። የጋለ ቱቦ እንጨትና አቡጀዲ ነክቶ ማለፍ የለበትም፤ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ተው፣ በመመሪያው ልክ። ቱቦው ወደ ላይ እየወጣ ከጣሪያው በላይ ያብቃ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ወይም መስኮት አጠገብ አይደለም። ጨርሰህ በርና መስኮቱን ዝጋ፣ ማሞቂያውን አብርተህ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይና ሰንደል ለኩሰህ ማሞቂያው ጭሱን ወደ ቱቦው በሚስብበት አፍ አጠገብ ያዝ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ። ወደ ፊትህ ከመለሰው አጥፋ፣ እስኪስተካከልም አታስረክብ።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። የማሞቂያው ሸክላ ቀልቶ መጋሉ ያለ ነው፤ ነበልባሉ ራሱ ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካመጣ ግን ችግር አለ።

ስታስረክብ ብቻህን አታውራ። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ያጥፉት» በል፣ በእጃቸው ያጥፉ፣ ያብሩ። ጋዝ ከሸተታቸው መብራት ማብራትም ማጥፋትም እንደሌለባቸው ንገራቸው፦ ሲሊንደሩን ዘግተው፣ በር ከፍተው ይውጡ፣ ስልክም ውጭ ወጥተው ይደውሉ። መጋረጃና አልጋ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ። ውርጭ ባደረ ጠዋት ጋዙ ሊደክም ይችላል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡታን የሚባለው ፈሳሽ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝ አልለወጥ ይላልና። ያኔ ሲሊንደሩን የፈላ ውኃ ውስጥ መንከርም እሳት አጠገብ ማስጠጋትም ክልክል ነው።

ስልክህን ማሞቂያው ጎን ላይ ጽፈህ ለጥፍ። መስከረም ላይ፣ ብርዱ ሳይመጣ፣ ተመልሰህ እይለት፤ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የከረመ ማሞቂያ ውስጥ ሸረሪት ድሯን ታደራለች፣ የአየር መግቢያውንም ትደፍነዋለች።