ስለ ጠመንጃ በሚደረግ የሬዲዮ ክርክር ላይ ለመደወል ካሰባችሁ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ኤንፒአር (የአሜሪካ ሕዝባዊ ሬዲዮ) ላይ የጠመንጃ ክርክር ሲነሳ እጃችሁ ወደ ስልክ ከሄደ፣ መጀመሪያ ትንሽ አዳምጡ። «ሄለር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የዲሲን የሽጉጥ ክልከላ የሻረበት፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል መሣሪያ የመያዝ መብት አለው ያለበት ውሳኔ ነው። መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም የሚለውም እዚያው ውስጥ አለ፤ ይቺን ማን እንደሚዘላት ልብ በሉ።

ስትደውሉ የቤቱን ሬዲዮ ዝጉ፣ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ያደናግራችኋል። ስልኩን ለሚያነሳው ሰው ሐሳባችሁን ባጭሩ ንገሩት። «ጠመንጃ ይታገድ ወይ?» የትም አያደርስም፣ እንደተለመደው መጯጯህ ብቻ። ይልቅ «የፌዴራሉ ሕግ ባክግራውንድ ቼክ (የገዢውን የኋላ ታሪክ ማጣራት) የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ነው፤ የግል ሻጭስ?» በሉ።