የሞተር ሳይክል ጉዞን በቪዲዮ መቅረጽ፦ የካሜራ አመራረጥና አገጣጠም

ብዙ ሰው መጀመሪያ ካሜራ ይገዛል፤ የት እንደሚገጥመው የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ጥሩ ቦታ ላይ በጥንቃቄ የተገጠመ መካከለኛ ካሜራ፣ የሚንቀጠቀጥ ብረት ላይ ከታሰረ ውድ ካሜራ ይበልጣል። ይህን የተማርኩት የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞዬን ከቀረጽኩ በኋላ ነው። ካሜራውን መሪው ላይ አስሬ ቀኑን ሙሉ ነድቼ ማታ ቪዲዮውን ስከፍተው፣ ኮረብታውም ዛፉም የመንገድ ዳሩ ምሰሶም ከሚፈላ ውኃ በታች ያለ ይመስል ይርገበገብ ነበር። ካሜራው እንከን አልነበረበትም። ችግሩ አገጣጠሙ ነበር፤ ያ ቀን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

1. መጀመሪያ ቦታውን ይምረጡ

ቪዲዮውን የሚመለከተው ሰው የት ተቀምጦ እንዲያይ ይፈልጋሉ? በነጂው ዓይን? ከኋላ እንደተፈናጠጠ ሰው? ወይስ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ? እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ ቦታ ይመራዎታል።

ለአብዛኛው ነጂ የሚስማማው የሄልሜቱ አገጭ ነው፤ እኔም ካልተገደድኩ በቀር ከዚያ አልወጣም። ካሜራው ከዓይንዎ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ እጅዎን፣ መሪውን፣ የፍጥነት መለኪያውንና መንገዱን አንድ ላይ ያሳያል። ራስዎን ሲያዞሩ አብሮ ይዞራል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ንዝረትን መቀነሱ ነው። ከሞተሩ የሚነሳው ንዝረት አገጭዎ ጋ ለመድረስ መቀመጫውን፣ ወገብዎንና አንገትዎን ማለፍ አለበት፤ በዚህ መንገድ አብዛኛው ኃይሉ ሰውነትዎ ውስጥ ይቀራል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት ግን ያስፈልገዋል።

የሄልሜቱ አናት ከፍ ያለ እይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን በፍጥነት ሲነዱ ነፋሱ ካሜራውን እየገፋ አንገትን ያደክማል፣ መሪውና እጆችዎም ከምስሉ ይወጣሉ። ጎኑ ላይ ሲገጠም ደግሞ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ደረት ላይ በማሰሪያ የሚታሰር ካሜራ ቀና ብለው ለሚነዱ ሰዎች ጥሩ ነው። ወደ ፊት ተደፍተው በሚነዱበት ሞተር ሳይክል ላይ ግን የሚታየው የነዳጅ ታንኩ ብቻ ነው፤ ከወደቁ ደግሞ ጠንካራ ዕቃ ከደረት አጥንትዎና ከመሬቱ መካከል ይገባል። ይህን አስበውበት ይወስኑ።

የሞተር ሳይክሉ አካል ላይ፣ ማለትም መሪው፣ የጎን መከላከያ ብረቱ ወይም የኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የሚገጠም ካሜራ ለሁለተኛ እይታ ግሩም ነው። ዝቅ ባለ መጠን አስፋልቱ በፍጥነት ስለሚያልፍ የፍጥነት ስሜቱ ይጨምራል። ንዝረቱም እዚያው ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

2. ለቦታው የሚሆን ካሜራ ይምረጡ

አገጭ ላይ የሚሰቀል ካሜራ ትንሽና ቀላል መሆን አለበት። ጎፕሮና ዲጄአይ የመሳሰሉ አምራቾች የሚሠሯቸው የስፖርት ካሜራዎች 150 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ አንገት ይህን ያህል ያለ ችግር ይሸከማል። ሲመርጡ ከምስል ጥራቱ ቁጥር በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ የምስሉን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ የእንቅስቃሴ ማረጋጊያ አለው? የውጭ ማይክሮፎን ይቀበላል? ጓንት ባደረገ እጅ በአንድ ቁልፍ ይነሳል? ዝናብ ይችላል?

ሁሉንም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የሚቀርጹት ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራዎች ሌላ አማራጭ ናቸው። የካሜራው ዘንግ የሁለቱ ሌንሶች ምስል በሚጋጠምበት መስመር ላይ ስለሚያርፍ ቪዲዮው ላይ አይታይም፤ ካሜራው አብሮዎት የሚበር ይመስላል። ሌንሶቹ ወደ ውጭ ያበጡ ስለሆኑ ግን ጠጠር በቀላሉ ይጭራቸዋል። ከጉዞ በኋላ እያንዳንዱን ቪዲዮ ቁጭ ብሎ አቅጣጫ ማስያዝም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስልክዎን መሪው ላይ አስረው መቅረጽን ግን አልመክርም። የብዙ ስልኮች ካሜራ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን የሌንስ ማረጋጊያ ክፍሎች አሉት። አፕል ራሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት በመሪው በኩል ወደ አይፎን ሲተላለፍ የካሜራውን ብቃት ሊያዳክም እንደሚችል ገልጿል።

3. መቀመጫውን ሄልሜቱ ላይ ይለጥፉ

ይህን ሥራ ቸኩሎ የሠራ ሰው ካሜራውን መንገድ ላይ ያጣል። መቀመጫውን፣ ማለትም ካሜራው የሚሰካበትን ተለጣፊ ቁራጭ፣ ገና ሳይለጥፉ ሄልሜቱን ያድርጉና ሞተር ሳይክሉ ላይ በመደበኛ አቀማመጥዎ ይቀመጡ። ሌላ ሰው መቀመጫውን ከነካሜራው አገጩ ላይ በእጁ ይያዝልዎ። ወደ ታች ወደ ፍጥነት መለኪያው ይመልከቱ፤ ካሜራው ደረትዎን ይነካል? ራስዎን ወደ ሁለቱም ትከሻዎ ያዙሩ። የሄልሜቱን መስታወት ከፍተው ይዝጉ። የአየር ማስገቢያው አልተደፈነም? ሁሉም ከተስተካከለ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

ከዚያ ሄልሜቱን ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁ። ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ በጭራሽ አይንካው፤ የፕላስቲክ ሄልሜትን ዓይን በማያየው መልኩ ይሰነጥቃል። ጠፍጣፋ መቀመጫ ክብ ነገር ላይ መሐሉ ብቻ ስለሚይዝ፣ ከሄልሜቱ ቅርጽ ጋር የሚሄድ ጎባጣ መቀመጫ ይጠቀሙ። ስዕል ወይም ስቲከር ላይ አይለጥፉ፤ ማጣበቂያው ሄልሜቱን ሳይሆን ስቲከሩን ነው የሚይዘው። የማያብረቀርቅ ሻካራ ቀለምም በደንብ አያጣብቅም።

ሙቀትም ወሳኝ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተለመደውን ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ የሚያመርተው ትሪኤም (3M) ኩባንያ፣ ለመለጠፍ ተስማሚው ሙቀት ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሆነ ይገልጻል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ መቀመጫውን በፀጉር ማድረቂያ ጥቂት ያሙቁት። ሽፋኑን ሲልጡ ማጣበቂያውን በጣትዎ አይንኩ። ምልክቱ ላይ አሳርፈው ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ ለ30 ሰከንድ ያህል በኃይል ይጫኑ። ከዚያ ይተዉት። ይህ ማጣበቂያ ከ20 ደቂቃ በኋላ የጥንካሬውን ግማሽ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 90 በመቶ ያህሉን፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። ስለዚህ ለእሑድ ጉዞ ሐሙስ ይለጥፉ እንጂ ቅዳሜ ማታ አይለጥፉ።

ሄልሜትን መብሳትና በብሎን ማሰር ክልክል ነው ብለው ይያዙት። ሄልሜቱ ራስዎን የሚያድነው ቅርፊቱ ሙሉ ሲሆን ነው። በአደጋ ጊዜም ካሜራው ከሄልሜቱ መላቀቅ አለበት፤ ተጣብቆ ቀርቶ ራስዎን እንዲጎትት አይፈለግም።

4. ሞተር ሳይክሉ ላይ ሲገጥሙ ንዝረቱን በጣትዎ ይፈልጉ

የካሜራው ዳሳሽ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነሳም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል፤ ካሜራው በዚያው ሰከንድ የሚያነሳው 30 ወይም 60 ምስል ነው። አንድ ምስል ተነቦ ሳያልቅ ካሜራው ወዲያና ወዲህ ስለሚል ቀጥ ያለው ምሰሶ ይጣመማል። የካሜራው ማረጋጊያ የመንገድ ጉድጓድን ያስተካክላል እንጂ በአንድ ምስል ውስጥ የተጣመመን መስመር አያቃናም። ንዝረቱ መቀነስ ያለበት ከሌንሱ በፊት ነው።

ዘዴው ይህ ነው። ካሜራውን ባሰቡት ቦታ ይግጠሙ፣ ማርሹን ነጻ አድርገው ሞተሩን ያስነሱ። ሌላ ሰው ነዳጁን ቀስ እያለ ሲጨምር እርስዎ የጣትዎን ጫፍ ካሜራው ላይ ያሳርፉ። በሆነ የዙር መጠን ላይ ጣትዎ እንደ ንብ ድምፅ ሲነዘር ይሰማዎታል። መግጠሚያውን አንድ ስንዝር ያንቀሳቅሱና እንደገና ይሞክሩ። ጫፉ አየር ላይ የቀረ ብረት ብዙ ጊዜ አብዝቶ ይነዝራል፤ ከዋናው አካል ጋር የተያያዘበት ቦታ ይሻላል። ክንዱን በተቻለ መጠን ያሳጥሩ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ተጨማሪ መወዛወዝ ነው። በመግጠሚያውና በብረቱ መካከል የድሮ ካላማዳሪ ቁራጭ ማስገባት ያግዛል።

መሪው ላይ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩት። የፍሬን ቱቦ ወይም የፍሪሲዮን ገመድ የሚነካ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ። ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ መግጠሚያው የሚያልፍ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሳሉ። ብሎኑ መላላት ሲጀምር መስመሩ ይሰበራል፤ በየማረፊያው አንድ ጊዜ ዓይን ጣል ማድረግ ይበቃል። በመጨረሻም ካሜራውን በአጭር ገመድ ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር ይሰሩት። ገመዱ አጭር ይሁን ያልኩት፣ ካሜራው ቢወልቅ ተንጠልጥሎ ጎማው ወይም ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

5. ቅንብሩን ያስተካክሉ

በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 30 ምስል ለተለመደው ቪዲዮ ይበቃል፤ አዝግመው ሊያሳዩ የሚፈልጉት ቦታ ካለ 60 ያድርጉት። ሰፊው የሌንስ እይታ ዳርና ዳሩን ስለሚስብ የፍጥነት ስሜት ይሰጣል፤ መስመርን የሚያቃናው ቅንብር ደግሞ ለመልክዓ ምድር ይሻላል። ካሜራው የጨለመውን የሞተር ሳይክል አካል አይቶ ብርሃን ሲጨምር ሰማዩ ነጭ ይሆናል፤ የብርሃን መጠኑን በግማሽ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት።

አድማሱን ሁልጊዜ አግድም የሚይዘውን ቅንብር ግን ያጥፉት። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ ይጋደማል፤ ያ መጋደም የጉዞው ነፍስ ነው፣ ከቪዲዮው ሲጠፋ በጣም አዝናለሁ።

አገጭ ላይ ለተሰቀለ ካሜራ አንግሉን ሲያስተካክሉ በመደበኛ አቀማመጥዎ ሆነው መንገዱን አሻግረው ይመልከቱ። መሪውና መለኪያው የምስሉን የታችኛውን ሲሶ ቢይዙ ጥሩ ነው። ጀማሪዎች ካሜራውን ወደ ታች ያበዙታል፤ በፍጥነት ሲነዱ ራስ ስለሚያቀረቅር ከሚመስልዎ ጥቂት ወደ ላይ ያድርጉት።

6. ድምፅ፣ ካርድና ባትሪ

ነፋስ ላይ ያለ የካሜራ ማይክሮፎን ከማጓራት በቀር የሚቀዳው የለም። እየነዱ የሚናገሩ ከሆነ ባለ ስፖንጅ ትንሽ ማይክሮፎን ከሄልሜቱ አገጭ በውስጥ በኩል ይለጥፉ። የሞተሩን ድምፅ ከወደዱ ደግሞ ሌላ መቅጃ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ፤ ማርሚታው እንዳያቀልጠው ብቻ ይራቅ።

ካርዱ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው። ካሜራዎ በሰከንድ 100 ሜጋቢት (12.5 ሜጋባይት) የሚቀዳ ከሆነ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል፤ ሁለት ትርፍ ባትሪ ይያዙ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ለተገጠመ ካሜራ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚቀይር፣ ፊውዝ ያለውና ከቁልፉ ጋር አብሮ የሚጠፋ የዩኤስቢ መስመር ማስገጠም ይቻላል። ከሞተር ሳይክሉ ወደ ሄልሜቱ ግን ሽቦ አይዘርጉ፤ ሲወርዱም ሲወድቁም ነጻ መሆን አለብዎት። ካሜራው የሚቀዘቅዘው በነፋሱ ስለሆነ ቆመው ሲጠብቁ መቅረጹን ያቁሙ።

7. ከረጅሙ ጉዞ በፊት አሥር ደቂቃ ይነዱ

ጥቂት ኮረኮንች፣ ጥቂት ፈጣን መንገድ ያለበት አጭር ዙር ይንዱና ቪዲዮውን በትልቅ ስክሪን ይመልከቱት። የካሜራው ትንሽ ስክሪን ንዝረትን ይደብቃል። ሄልሜት ላይ ዕቃ መለጠፍና በመንገድ ላይ መቅረጽ በየአገሩ ሕጉ ስለሚለያይ የሚነዱበትን አገር ደንብ አስቀድመው ይወቁ፤ ቪዲዮውን ለሌሎች ከማጋራትዎ በፊትም የሰዎችን ፊትና የተሽከርካሪ ሰሌዳ ያደብዝዙ።

ካሜራውን ቆመው ያስነሱ፣ ቆመው ያጥፉ። እየነዱ የካሜራው ቀይ መብራት በርቶ ይሁን አይሁን ለማየት ስፖኪዮው ውስጥ አያማትሩ፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ሰከንድ 16 ሜትር ከግማሽ በላይ መንገድ ነው። ሲመለሱ ሌንሱ ላይ የደረቀውን ነፍሳት በደረቅ ጨርቅ አይፈትጉት፤ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፈው ያለስልሱት፣ ከዚያ ይጥረጉት። የቀለሙን መስመር ይመልከቱ፣ ካርዱን ይገልብጡ፣ ባትሪዎቹንም ዛሬውኑ ቻርጅ ላይ ያድርጉ።