በራስ ቀልዶ ማሳቅ፦ ከአይሁድ ኮሜዲያን የሚኮረጅ ዘዴ

ባለፈው ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ ሌላ ሰው ብሔር አንድ ቀልድ ጣል አደረግሁ። አቦሉ ላይ ነው የተናገርኩት፤ እስከ በረካ ድረስ የሳቀ የለም።

መድረክ ላይ መውጣት ካማራችሁ እኔ የሳትኩትን እናንተ አትሳቱ። ከራሳችሁ ጀምሩ። አሜሪካዊውን አይሁድ ኮሜዲያን ላሪ ዴቪድን እዩት። በራሱ ስም በተወነበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ነገር የሚያበላሸውም፣ የሚዋረደውም ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ኮሜዲያኑ ዮሲ ቫሳ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ በሱዳን በኩል እስራኤል የገባ ቤተ እስራኤላዊ ነው። ከሌላ ጸሐፊ ጋር የሠራው «ነቭሱ» የተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲ እንደ ፈረንጆች በ2018 በኮሜዲ ዘርፍ የዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት ወስዷል። ታሪኩ የባልና ሚስት ነው፦ ባልየው ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎች ልጅ፣ ሚስትየዋ ዘሯ ከአውሮፓ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቤተሰብ አይሁድ ነው! ሳቁ የሚመጣው «አንድ ነን» ሲሉ የኖሩ ሰዎች አማት ለአማት ሆነው አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ወደ እኛ አምጡትና የባህር ዳር ልጅ ጎንደር ሽማግሌ ሲልክ አስቡት። ሐይቁ አንድ፣ ዳሩ ሁለት፣ ቀልዱ ደግሞ አያልቅም።

ከዚያ ነገሩን አጥብቡት። «ባህላችን» ብላችሁ አትጀምሩ፣ አንድ ጉርሻ ይበቃል። አይሁድ ስለ እናቶቻቸው የሚቀልዱት ቀልድ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፦ ልጇን በምግብ ታስጨንቀዋለች፣ እምቢ ሲል ደግሞ በደለኛ ታደርገዋለች። በቃኝ እያለ «በሞቴ» ተብሎ የጎረሰ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእጇን መጠን፣ ከጣቷ የሚንጠባጠበውን ወጥ፣ አፋችሁ ሞልቶ የምታጉረመርሙትን ተናገሩ።

አንድ ነገር ግን አትንኩ። «ፈላሻ» ቤተ እስራኤሎች እንደ ስድብ የሚያዩት ስም ነው። ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩም እዚሁ አገር «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ቫሳ ቢቀልድበት የራሱ ቁስል ነው። እኔ ብቀልድበት ግን ያው የድሮው ስድብ ነው፣ ማይክ መያዜ አይለውጠውም።

በመጨረሻም ቀልዱን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ የጉርሻውን ለእናቴ ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና «በሞቴ፣ ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ።