አቦሉ አልሰክን ሲለኝ ያገኘሁት መፍትሔ

ሰሞኑን የጀበና ቡናችን አፍ ላይ ይጎረብጥ ነበር፤ ስኒው ግርጌም ዱቄት ይቀራል። ቡና የጠራኋቸው ሁሉ ጀበናውን ቀይሪ አሉኝ። ጀበናው ምንም አልሆነም! ጣጣው የኤሌክትሪክ መፍጫው ነው፦ ቡናውን እንደ በርበሬ ያደቀዋል። የደቀቀ ቡና ቶሎ አይሰክንም፤ ምሬቱንም ቶሎ ይለቃል።

አሁን መፍጫውን እያቋረጥኩ ነው የምጫነው፤ ሻከር እንዳለ አቆማለሁ። ሙቀጫ ይሻል ነበር፣ ግን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከታች ሰው አለ።

ቡናው ሲገነፍል አውርጄ ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጌ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ አሰክነዋለሁ። ስቀዳም ጀበናውን ቀና ሳላደርግ ስኒዎቹን በተከታታይ እሞላለሁ፤ ቀና ካለ ዝቃጩ ይነሳል።

የይርጋጨፌ ቡና ከሆነ ደግሞ አቆላሉን ቀለል አድርጉት። ሲጠቁር ያ የአበባ ሽታው ይጠፋል።