ማንኪያውን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይቁጠሩ፦ ለጥርስና ለድድ የሚስማማ አመጋገብ

ለጥርሳቸው ሲሉ ስኳር የሚቀንሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ማንኪያ ነው። ቀድሞ መቆጠር ያለበት ግን ጣፋጭ ነገር በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ነው።

ጥርስ ላይ የተለጠፉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመነጫሉ። ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ለማርገብ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስድበታል። ጣፋጭ ሻይን ከምግብ ጋር ጠጥቶ የሚጨርስ ሰው ጥርሱ አንዴ ይጠቃል። ያንኑ ሻይ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተጎነጨ ለሚያቆየው ግን ምራቁ ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ ለሦስት ቀን ከውሃ በቀር የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉ። ቡና ውስጥ የገባች ግማሽ ማንኪያ ስኳር፣ ከረሜላ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ማርም ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው። ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ብስኩትና ቺፕስም አይዘለሉ፤ ስታርቻቸው (የዱቄትና የድንች ዋና ይዘት) እዚያው አፍ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። እንዲህ ያለ ነገር አፍ ውስጥ የገባበት ድምር በቀን ከአራት ጊዜ ካለፈ በምግብ መሀል የሚወሰደውን ወደ ምግብ ሰዓት ያዛውሩት። የስኳሩን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ይመክራል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 35 ግራም ገደማ አለው።

ስኳር የሌለው ለስላሳ መጠጥና የሎሚ ውሃ ራሳቸው አሲድ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ወዲያው መቦረሽ የለሰለሰውን ኢናሜል ይፍቃል። አፍን በውሃ ይጉመጥመጡ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቦርሹ። ከምግብ በኋላ ቁራሽ አይብ ወይም ለ20 ደቂቃ የሚታኘክ ስኳር አልባ ማስቲካ ይረዳል።

ማታ ምራቅ ስለሚቀንስ ከመጨረሻው ቡረሻ በኋላ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ሕፃን ወተት ወይም ጭማቂ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ አይተኛ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱ ሥር ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ካያችሁ ጊዜው ገና አላለፈም፤ ፍሎራይድና የአመጋገብ ለውጥ ሊመልሱት ይችላሉ። የተቦረቦረውን ጥርስ ግን ምግብ አይደፍነውም።

ድድ ሲደማ ብርቱካን ማብዛት የተለመደ ነው። የቫይታሚን ሲ ከፍተኛ እጥረት በእርግጥ ድድን ያሳብጣል፣ ያደማልም፤ የብዙው ሰው መድማት ግን ድድ ጠርዝ ላይ ከተጠራቀመ ቆሻሻ የሚመጣ ነው። ካሮትም ሆነ ፖም ያንን ጠርዝ አያጸዳውም። በለስላሳ ብሩሽ ጠርዙን በቀን ሁለቴ ይቦርሹ፣ በጥርሶች መሀል በክር ያጽዱ። ስለደማ ማጽዳቱን ማቆም ያባብሰዋል። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ የጥርስ ሐኪም ይመልከተው፤ በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አይዘግይ።