ካዛክስታን ለገባችሁ፦ ብርዱ፣ ሰዉ፣ መንግሥቱና የሻዩ ስኒ

"ስታን" የሚል ስም ሲሰማ የአገሬ ሰው ሐሳብ በቀጥታ አፍጋኒስታን ይሄዳል። እናቴ "ካዛክስታን ልሄድ ነው" ስላት "እዚያ ጦርነት አለ አይደል እንዴ?" ብላ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። ጦርነት የለም። ያለው ብርድ ነው።

መጀመሪያ አልማቲ ነበርኩ፣ አሁን አስታና ነኝ። በዱባይ ወይም በኢስታንቡል በኩል ለትምህርትና ለሥራ የምትመጡት ልጆች የምትጠይቁኝ ጥያቄ ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፣ እንዳትምታቱ።

ከስፋቱ እንጀምር። አገሩ 2,724,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ ኢትዮጵያን ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል። በዓለም በስፋት 9ኛ ነው፣ ወደ ውቅያኖስ መውጫ ከሌላቸው አገሮች ደግሞ አንደኛ። የባሕር በር ወሬ ከኛ ጋር ያግባባል ማለት ነው፣ ምንም እንኳ እነሱ በምዕራብ በኩል ካስፒያን ቢኖራቸውም። በሰሜን ሩሲያ፣ በምሥራቅ ቻይና፣ በደቡብ ኪርጊስታን፣ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን ከበውታል። ይኼ ሁሉ መሬት ግን የያዘው 20 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው፣ ያውም 20 ሚሊዮን የሞላው በ2023 መጨረሻ ነው። ቁጥሩን ስታነቡት ምንም አይመስልም። ከአልማቲ አስታና ባቡር ስትሳፈሩ ግን ይገባችኋል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ፣ ትተኛላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ መስኮቱ ላይ ያው ሜዳ ነው። ዛፍ የለም፣ ጎጆ የለም፣ አልፎ አልፎ ፈረስ። እኛ አገር መኪና የትም ቦታ ቢቆም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሕፃናት ይከቡታል። እዚህ ማንም አይመጣም።

ስለዚህ "ካዛክስታን እንዴት ነው?" ከማለት "የትኛው ከተማ ነው የምትሄደው?" ማለት ይሻላል። አልማቲና አስታና ሁለት የተለያዩ አገሮች በሏቸው።

አልማቲ ትልቁ ከተማ ነው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አለው፣ ዛፍ የበዛበት፣ ከጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ የተደገፈ። ሰው አቅጣጫ ሲነግራችሁ "ወደ ላይ" ካለ ወደ ተራራው ነው፣ "ወደ ታች" ካለ በተቃራኒው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግን እዚህ ላይ ይሸወዳል። እንጦጦ ስለለመድን ተራራ ካየን ሰሜን ይመስለናል፣ የአልማቲ ተራራ ደግሞ በደቡብ ነው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ከተማዋን ገልብጬ ነው የኖርኩት። የምንበላው ፖም የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚሁ አካባቢ የዱር ፖም ነው፣ የከተማዋም ስም ከፖም ጋር የተያያዘ ነው። ጤና ያጠናችሁ ደግሞ "አልማ አታ" የሚለውን ስም ከክፍል ታስታውሱታላችሁ፤ ያ በ1978 የመሠረታዊ ጤና እንክብካቤ መግለጫ የወጣበት፣ ለፈተና የሸመደድነው ከተማ ይኸው ነው። መጥፎ ጎኑ በክረምት (በብርዱ ወራት ማለቴ ነው) ጭሱ ነው፣ አንዳንድ ቀን ተራራው ጨርሶ አይታይም። ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ጥር 2024 ላይ ቻይና ውስጥ የተነሳው መንቀጥቀጥ ሌሊት ላይ ከተማውን ሁሉ በፒጃማ መንገድ ላይ አውጥቶታል። ፓስፖርታችሁንና ኮታችሁን በር አጠገብ አድርጉ፣ በበረዶ መሐል ባዶ እግር መቆም ቀልድ አይደለም።

አስታና ዋና ከተማ ነው፣ ከ1997 ጀምሮ። ስሙ ራሱ "ዋና ከተማ" ማለት ነው። ከዚያ በፊት አክሞላ፣ በ2019 ኑር ሱልጣን፣ በ2022 ተመልሶ አስታና ሆኗል፤ የድሮ ሰነድ ላይ ሌላ ስም ብታዩ አትደንግጡ። የኢሺም ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቀኝ ዳርቻው የድሮው የሶቪየት ሰፈር ነው፣ ኪራይም ይቀንሳል፣ ግራ ዳርቻው የመስታወት ፎቅና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። ሜዳ ላይ ስለተቀመጠ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 30 ይገባል፣ ያንን በነፋስ አባዙት።

የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኬ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ነበረው፣ ታክሲ ልጠራ ከኪሴ አወጣሁት፣ ድርግም። ባትሪ በዚያ ብርድ እንደሚሞት ማን ነገረኝ? ካርታው እዚያ ውስጥ፣ ታክሲው እዚያ ውስጥ፣ ገንዘቤም እዚያው ውስጥ። የአፍንጫዬ ፀጉር ተሳስሮ መርፌ ሆኗል። አንድ አፕቴካ (ፋርማሲ) ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፣ ሻጯ አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ ቻርጀር አቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ከደረት ኪሴ አይወጣም፣ ጥሬ ብርም ይዤ ነው የምወጣው። ጃኬት ከአዲስ አበባ አትግዙ፣ መርካቶ "የሳይቤሪያ ነው" ብለው የሚሸጡላችሁ እዚህ እንደ ሹራብ ነው። እዚሁ ፑኾቪክ የሚሉትን የላባ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ሻፕካ (ቆብ) እና ሶሉ የማያንሸራትት ቡትስ ግዙ። ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያው ከማዕከል ስለሚመጣ በቲሸርት ነው የምትቀመጡት።

ወደ ወረቀት እንምጣ። አገር በገባችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የተቀበላችሁ ወገን፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አሠሪ ወይም አከራይ፣ መምጣታችሁን ለስደተኞች ፖሊስ ማሳወቅ አለበት። "ይደረጋል፣ አታስቡ" ካሏችሁ አስቡ፣ መደረጉን በዓይናችሁ እዩ። ቀጥሎ ኢኢን የሚባለውን ባለ 12 አሃዝ መለያ ቁጥር አውጡ። ያለ እሱ ባንክ የለም፣ ኪራይ ውልም አስቸጋሪ ነው። የመንግሥት አገልግሎት የሚሰጠው ጾን በሚባል ማዕከል ነው፣ ብዙው ጉዳይ ደግሞ ኢጎቭ በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ በስልክ ያልቃል። ባንክ ከከፈታችሁ በኋላ ካስፒ የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። ገበያ ዳር ድንብላል የምትሸጥ አሮጊት እንኳ ጥሬ ገንዘብ ስትሰጧት ፊቷን ታጠቁርና የካስፒ ኮዷን ታሳያችኋለች። ገንዘቡ ቴንጌ ይባላል። ቤት ለመፈለግ ክሪሻ፣ ለመንገድ ቱጂስ፣ ለታክሲ ያንዴክስ ወይም ኢንድራይቭ። አደጋ ከደረሰ 112።

ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፦ የቤተሰብ ስም፣ ስም፣ የአባት ስም። ኢትዮጵያዊ የአባት ስም ሲባል ደስ ብሎት አባቱን ይጽፋል፣ የቤተሰብ ስም ላይ አያቱን። ፓስፖርቱ ላይ ግን ሌላ ነው የተጻፈው። አንድ መሥሪያ ቤት በአባቴ፣ ሌላው በአያቴ መዝግቦኝ "ሁለት ሰው ናችሁ" ተብዬ ሁለት ሳምንት ተንከራትቻለሁ። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳታጓድሉ ጻፉ፤ ሦስተኛውን ሳጥን ባዶ ተዉት።

አሁን ወደምወደው ወደ ሰዉ። ከሕዝቡ 70 በመቶ ያህሉ ካዛክ ነው፣ 15 በመቶ አካባቢ ሩሲያዊ፣ ከዚያ ኡዝቤክ፣ ኡይጉር፣ ታታር፣ ጀርመን፣ ኮሪያዊ እያለ ይቀጥላል። "ኮሪያዊ እዚህ ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። ስታሊን ነው። በ1937 ኮሪያውያንን ከሩቅ ምሥራቅ በባቡር ጭኖ እዚህ ሜዳ ላይ አራገፋቸው፣ ጀርመኖችና ቼችኖችም በተራቸው መጡ። ካዛኮቹ ራሳቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከብታቸው ተወስዶ በረሃብ አልቀዋል፣ የሞተው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይባላል። አስታና አጠገብ "የከዳተኞች ሚስቶች" የታሰሩበት አልዢር የሚባል ካምፕ ነበር፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ሂዱና እዩት። እዚያ የሚነገር ታሪክ አለ። የመንደሩ ካዛኮች በአጥሩ በኩል ድንጋይ የሚመስል ነገር ይወረውሩ ነበር አሉ፣ እስረኞቹም የተጠሉ መስሏቸው አለቀሱ፤ አንዷ ተደናቅፋ ስትወድቅ ሸተታት፣ ለካስ ኩርት ነው፣ የደረቀ ጨዋማ አይብ። ኩርት ዛሬም በየሱቁ አለ። መጀመሪያ ስትቀምሱት ጥርሳችሁን ያስፈራል፣ በሦስተኛው ትለምዱታላችሁ።

ካዛክ ሰባት ትውልድ አባቶቹን በስም መቁጠር ይጠበቅበታል፣ ዤቲ አታ ይሉታል። በሰባት ቤት ውስጥ ዝምድና ያላቸው አይጋቡም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይኼን እንደ ጉድ ሲነግረኝ "እኛም እኮ ሰባት ቤት ነው የምንቆጥረው" አልኩት። አላመነም። ጣቴን እያጠፍኩ መቁጠር ጀመርኩ፣ አምስተኛው ላይ ቆምኩ፣ አፈርኩ። እሱ ሰባቱንም ሳይተነፍስ ጨረሳቸው። እናንተ አጥንታችሁ ኑ። "የየትኛው ጁዝ ነህ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ጁዝ የነገዶች ስብስብ ነው፣ ሦስት አላቸው፣ ታላቁ፣ መካከለኛውና ታናሹ፣ ጥያቄው ግን እኛ አገር "ብሔርህ ምንድን ነው?" እንደማለት ነው።

ቋንቋው ሁለት ነው። ካዛክኛ የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ ሩሲያኛም በመሥሪያ ቤት ይሠራል። ለኑሮ ሩሲያኛ ቶሎ ይጠቅማል፣ ለልባቸው ግን ካዛክኛ። "ሳሌሜትሲዝ ቤ" ብላችሁ ሰላም በሉ፣ "ራኽሜት" ብላችሁ አመስግኑ፣ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። አንተና አንቱ አላቸው፣ "ሴን" እና "ሲዝ"። ታላቅ ወንድ "አጋ" ነው፣ ጋሼ በሉት። ትናንሽ ከተሞች ሰው አትኩሮ ያያችኋል፣ ፎቶ እንነሳ ይላችኋል። ሽማግሌዎች በሩሲያኛ "ኔግር" ሲሉ ልትሰሙ ትችላላችሁ፣ ብዙዎቹ ስድብ አስበው አይደለም፣ ካልተመቻችሁ ግን በትሕትና ንገሯቸው።

መንግሥቱን በአጭሩ። ነፃነታቸውን ታኅሣሥ 16 ቀን 1991 አወጁ፣ ናዛርባዬቭ እስከ 2019 መሩ፣ ከዚያ ቶካዬቭ ተተኩ። ሥልጣኑ ፕሬዚዳንቱ ጋ ነው፤ በ2022 በወጣው ማሻሻያ ዘመኑ 7 ዓመት፣ ያውም አንዴ ብቻ ሆኗል። አገሩ 17 ክልልና ለብቻቸው የሚቆሙ 3 ከተሞች አሉት፣ የየአካባቢውን አስተዳዳሪ አኪም ይሉታል። ጥር 2022 በምዕራብ ዣናኦዜን የመኪና ጋዝ ዋጋ ጨመረ ተብሎ የተጀመረ ተቃውሞ አገሩን አዳርሶ በመንግሥት ቆጠራ 238 ሰው ሞቷል። ሰዎች ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እናንተ አዳምጡ፣ አስተያየት አትስጡ፣ ሰልፍ ካያችሁ በሌላ መንገድ ሂዱ።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ አንድ ደስ የሚል ነገር፦ በፈረንጆች ጥር 7፣ የኛው ገና፣ እዚህም የሕዝብ በዓል ነው። አልማቲ መናፈሻ ውስጥ ያለው ከእንጨት የተሠራው ካቴድራል ገብታችሁ ሻማ ማብራት ትችላላችሁ፣ ቁርባን ግን የየራሳችን ነው። በዐቢይ ጾም ሩሲያውያኑም ስለሚጾሙ "ፖስትኒ" (የጾም) የሚል ምግብ ፈልጉ፤ የኮሪያውያኑ የካሮት ሰላጣም ዓመቱን ሙሉ ያድናል። ጤፍ ሱቅ ላይ አትጠብቁ።

ከፆም ውጪ ደግሞ ግብዣ አለ። ቤሽባርማክ "አምስት ጣት" ማለት ነው፣ በእጅ ይበላ ስለነበር፤ እኛ እዚህ ላይ ባለሙያ ነን። ብዙ ጊዜ ሥጋው የፈረስ ነው። ካልበላችሁ ሥጋው ሳይቀርብ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ማንም አይቀየምም። ጫማ በር ላይ አውልቁ፣ ታፖችኪ የሚሉትን የቤት ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል። ከዚያ ሻይ በወተት በትንሽ ስኒ ይመጣል፣ ግማሽ ብቻ ተሞልቶ። እኔ መጀመሪያ ቀን "እነዚህ ሰዎች ቆጣቢ ናቸው" ብዬ ነበር። ግማሽ የሚቀዱት ደጋግመው እንዲቀዱላችሁ፣ እንድትቆዩ ነው። ስኒው እስከ አፉ ሞልቶ ከመጣ ኮታችሁን ፈልጉ።