ፍጥነት የሚታይበት ፎቶ

ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ የወጣበት ፎቶ ሁልጊዜ ስሜት አይሰጥም። የሚሮጥ ልጅ ወይም ብስክሌት ስታነሱ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት (መዝጊያው ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ወደ 1/30 ሰከንድ አውርዱት፤ ከዚያም ካሜራውን ከሚንቀሳቀሰው ጋር እኩል እያዞራችሁ አንሱ። ከወገባችሁ ዙሩ እንጂ ክንዳችሁን ብቻ አታንቀሳቅሱ፤ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላም መዞራችሁን ወዲያው አታቋርጡ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ተለይቶ ሲታይ ከኋላው ያለው ሁሉ በብሩሽ እንደተሳበ ቀለም ይዘረጋል። እንዴት ደስ እንደሚል! ቀን ላይ ብርሃኑ ከበዛ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 100 ዝቅ አድርጉ፣ የሌንሱንም ቀዳዳ አጥብቡ። በስልክ ከሆነ የመዝጊያ ፍጥነትን በእጅ ለመምረጥ የሚያስችል የካሜራ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ደጋግማችሁ አንሱ፤ ትንሽ የደበዘዘውንም ቶሎ አታጥፉት።